የአድማሴ አፈር

ያ ክረምት ቀድሞ ገብቶ ቀድሞ ወጣ። ግንቦትና ሰኔ ያለማቋረጥ ዘነበ። ነሐሴ ላይ ቀጥ አለ። ድንቹ ከነቅጠሉ ጠቆረ፤ ሲቆፈር ሸተተ። ጤፉ ስንዝር ላይ ቆሞ ቀረ። ለከሰል የተከልነው ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ታሞ ነበር። ቅርንጫፉ ላይ ዝገት የመሰለ እባጭ ያወጣል፣ ቅጠሉን ያረግፋል፣ ቆሞ ይደርቃል። ከሰል የሚጭኑት መኪናዎች መምጣት አቆሙ። ከብት ያለው ከብቱን ሸጠ። ልጅ ያለው ልጁን ወደ ቆላ ላከ። ከጥርባ በላይ ባለው በእኛ ቀበሌ በዚያ ዓመት ሰርግ አልተደገሰም።

ጎረቤቴ አድማሴ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ሞተ። ሆዱን ያመው ነበር። ሊጠይቀው ለገባ ሰው ሁሉ ስለ ሕመሙ አያወራም።

«አፈሬን ሳይመልሱልኝ» ይላል።

እኔ ስገባ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። የአፈሩ ዋስ እኔ ነበርኩ።

በእኛ አገር የሰው ማሳ አፈር እንዲያው አይነሳም። የምርጊት ጭቃ ከወንዝ ዳር ይወሰዳል፤ እሱ የማንም ነው። ከታረሰ መሬት ላይ አንድ እፍኝ ያነሳ ሰው ግን የመሬቱን በረከት ይዞ ሄደ ይባላል። የግድ ከሆነ ወሳጁ ዋስ ይጠራል። አፈሩ ይመለሳል፤ ባይመለስ ምትኩ ይመጣል። ወሳጁ ከጠፋ ዋሱ ይከፍላል። አባቶቻችን እንዲህ አደረጉ፤ እኛም እንዲሁ።

ከዓመታት በፊት የአድማሴ ግብጦ የታወቀ ነበር። ማዳበሪያ ሳይነካው ወገብ ይደርሳል። በዓመቱ በዚያው ማሳ የሚዘራው ገብስም ከሁላችን ይበልጣል። ይህን የሰማች አንዲት ልጅ ከምርምር ማዕከል ተልካ መጣች። ሕይወት ትባላለች፤ የዳንግላ ልጅ ናት፤ ገና ተማሪ ነበረች። ያን ጊዜ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበርኩና ወደ አድማሴ ማሳ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ግብጦውን ከነሥሩ ነቀለች። ሥሩ ላይ ኪንታሮት የመሰሉ እባጮች ነበሩ። አንዷን በጥፍሯ ሰነጠቀቻት። ውስጧ ቀይ ነው።

«አባቴ፣ ይህን ግብጦ የሚቀልበው እዚህ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው። ከአየር ወስዶ ይመግበዋል» አለችው። «አፈሩንና ሥሩን ልውሰድ። እናራባውና መልሰን ለገበሬው እናመጣዋለን።»

«ይመለሳል?» አላት አድማሴ።

«ይመለሳል።»

«ዋስሽ ማነው?»

ልጅቱ ሳቀች። እኛ እንዳልሳቅን ስታይ አቆመች። አድማሴ በአገውኛ «አንተ ትሆናለህ?» አለኝ። «እሆናለሁ» አልኩት። አፈሩን በላስቲክ ከረጢት ሞልታ ሄደች።

ዓመት አለፈ፤ ሌላም ዓመት አለፈ። የመጣ የለም። ጥሊሊ ገበያ ላይ ሰዎች አድማሴን ይተርቡት ነበር።

«አድማሴ፣ አፈርህ አዲስ አበባ ገብቷል አሉ። አንተ እኮ እንጅባራን እንኳ በወጉ አላየሃትም!»

«ቢያድግልኝን ጠይቁት» ይላል። «ዋሴ እሱ ነው።»

ምትኩን ከጓሮዬ ልስጥህ ብዬው ነበር።

«ያንተን ምን ላድርገው? ያንተ አፈር ጎመን ነው የሚያውቀው። የራሴን ነው የምፈልገው።»

ከዚያ እንደ ሰው ሁሉ የግብጦ ማሳውን ዲከረንስ ተከለበት። ከሰሉ ለጥቂት ዓመት አበላው፤ ቤቱንም ቆርቆሮ አለበሰው። በኋላ መሬቱ ኮመጠጠ። ዛፉ ታመመ። ዛፉን መንጥሮ ጤፍ ቢዘራ ጤፉ እምቢ አለ። ታላቁ ልጁ ይኸነው ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወረደና አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልመጣም። አድማሴ በረከቴ ከአፈሬ ጋር ሄደ አለ። እኔ አላመንኩም። አይደለም ብዬ ለመከራከርም አፍ አልነበረኝም።

እሱ ሲሞት ሚስቱ ሸጋና ታናሹ ልጅ ባምላክ ቀሩ። ሸጋ ሰላምታ አልነፈገችኝም። ግን ከሩቅ ነበር። ድሮ በአጥሩ ላይ እሳት የምንጫጫር ጎረቤታሞች ነበርን።

ከተዝካሩ በኋላ ባምላክ አጥሩ ጋ ጠራኝ። ሃያ አምስት ዓመት አይሞላውም፤ አባቱን ይመስላል።

«አያ ቢያድግልኝ፣ ዘንድሮ ማሳውን ግብጦ እዘራዋለሁ። ከቆመ እቀራለሁ። ካልቆመ ለማሽላ አጨዳ ቆላ እወርዳለሁ።»

«የወንድምህን አላየህም?»

«አይቻለሁ። እሱን ያወረደው ሆድ ነው። እኔም ሆድ አለኝ።»

«እናትህስ?»

«እሷም አላት» አለና ሄደ።

ሸጋ ይህን ሰምታ ኖሮ በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አጠገቤ ደረሰች። አላየችኝም። መሬት መሬት እያየች ነው የተናገረችው።

«አንዱን ቆላ በላው። ይህን ከወሰደብኝ ቤቱን ዘግቼ እወጣለሁ። ይወቁት።»

አወቅሁት።

ሰኔ ላይ ነጭ መኪና መጣ። ቀበሌው የገበሬ ማሠልጠኛ ውስጥ ሰበሰበን። ከመኪናው ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንዱ ናታን የሚባል የማዳበሪያ ፋብሪካ ሰው ነው፤ ጫማው ንጹሕ፣ አነጋገሩ ፈጣን። ሁለተኛዋን ወዲያው ለየኋት። ሕይወት ናት። ወፍራለች፤ መነጽር አድርጋለች። እሷም ለየችኝ።

ናታን ፋብሪካውና ምርምሩ አብረው እየሠሩ እንደሆነ፣ ይህ ሕያው ማዳበሪያ እንደሚባል፣ ለኮመጠጠ መሬት የሚሆን ግብጦ እንደሚያቆም ነገረን። ጥቁር ዱቄት ያለበት ትንሽ ከረጢት አነሳ። ሕይወት ቀጠለች። ዘሩን በስኳር ውኃ አርጥቡት፤ ዱቄቱን ቀቡት፤ ፀሐይ አይንካው፤ ሙቀት ቦታ አይደር፤ በተቀባበት ቀን ይዘራ።

የመንገድ ዳር ማሳ ያለው መሳፍንት እጁን አወጣ። አንደበተኛ ሰው ነው።

«ፀሐይ አይየው፣ ሙቀት አይንካው፣ ብቻውን አይደር ትሉናላችሁ። ይህ ማዳበሪያ ነው ወይስ አራስ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሕይወትም ሳቀች።

«አራስ ነው ብለው ይያዙት አባቴ። ነፍስ አለው።»

«ገንፎውን ማን ያገንፋ?» አለ ሌላው።

እኔ ተነሣሁ። «ከየት የመጣ ነው?» አልኩ።

ሕይወት ዓይን ዓይኔን እያየች «ከዚሁ ነው» አለች። «ከብዙ ቦታ ሰብስበን ሞከርን። ኮምጣጣ መሬት የቻለው ከዚህ ቀበሌ የተወሰደው ነው። ከአቶ አድማሴ ማሳ።»

 ሰው ሁሉ እኔን አየ።

«እንግዲያው ለአድማሴ ማሳ ይሰጥ» አልኩ።

ናታን የመንገድ ዳር ማሳዎች ተመርጠው እንዳለቁ ነገረኝ። ጎብኚ በመኪና መጥቶ የሚያየው ያስፈልጋል አለ። የአድማሴ ማሳ ከገደሉ ወዲያ ነው፤ መኪና አይደርስም። በክብር ነው የነገረኝ። ግን ነገሩ ያው ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ሕይወት ወደኔ መጣች።

«አቶ አድማሴ ደኅና ናቸው?»

«በጾሙ ቀበርነው።»

አንገቷን ደፋች።

«ለምን ዘገየሽ?»

«በማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር፣ አባቴ። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ አራባዋለሁ፤ ለአገር የሚበቃ ማምረት ግን ፋብሪካ ይጠይቃል። የሚያመርት ስንፈልግ ዓመታት ሄዱ። እነዚህ የመጡት አምና ነው።»

«ዋስ አስገብተሽኝ ነበር።»

«አልረሳሁትም» አለች። ከመኪናው ሣጥን አንድ ከረጢት አወጣችና በነጠላዬ ሥር አስገባችልኝ። «ይህ ለማሳያ የያዝኩት ነው። ለአንድ ጥማድ ይበቃል።» ናታን ከኋላዋ ቆሞ ነበር። አየና ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። የስልክ ቁጥሯንም ሰጠችኝ።

ከረጢቱን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልዬ በጥላ በጥላ ለሸጋ አደረስኩ። የተባለውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ስኳሩን፣ ፀሐዩን፣ ቀኑን። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ከረጢቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። አድማሴ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ገብቼ የተቀመጥኩት ያን ቀን ነው።

በሐምሌ የመንገዱ ማሳዎች በተዘሩበት ቀን እነ ሸጋም ዘሩ። እኔ አብሬያቸው መሆን ነበረብኝ። ናታን ግን ካሜራ ይዞ መጥቶ «ሽማግሌ ያስፈልገናል» አለ። በመሳፍንት ማሳ ላይ ዘር የያዘ እንቅብ አስያዙኝና አቆሙኝ። ወዲህ ይዩ፣ ወዲያ ይዩ ተባልኩ። ሲለቁኝ ቀኑ መሽቶ ነበር።

ጥቅምት ላይ የመሳፍንት ግብጦ ጠቁሮ እስኪታይ ድረስ አረንጓዴ ሆነ። ገደሉን ተሻግሬ የሸጋን አየሁ። ቢጫ ነው። ቁመቱ ከጉልበት በታች። አንዱን ነቀልኩ። ሥሩ መላጣ ነው፤ አንድም እባጭ የለበትም። ሌላ ነቀልኩ። ያው ነው።

ሸጋ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ነበር።

«የነገሩኝን ሁሉ አድርጌያለሁ» አለችኝ። «ጥላ ሥር አሸሁት። ስኳሩን ከሰው ለምኜ አመጣሁ። ፀሐይ አላየውም። መጨረሻ ላይ አመዱን ነሰነስኩበትና ባምላክ ዘራው።»

«የምን አመድ?»

«የዘር አመድ ነዋ! አድማሴ አመድ ያልነካው ዘር መሬት አስገብቶ አያውቅም። ተባይ ይበላዋል ይል ነበር። እሱ ሞተ ብዬ የሱን ወግ ልተው?»

 ስለ አመድ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁ። በእኛ ዘንድ ዘርና አመድ የማይለያዩ ስለሆኑ የሚጠየቅ ነገር መሆኑም አልታየኝም።

ኔትወርክ ያለው ከተራራው ጫፍ ላይ ነው። ወጣሁና ለሕይወት ደወልኩላት። ብዙ ጊዜ ተቋርጦ ያዘ። አመድ ስላት ዝም አለች።

«የተቆረጠ መስሎኝ ነበር» አልኳት።

«አልተቆረጠም። አመዱ ገድሎታል፣ አባቴ። እርጥቡ ዘር ላይ ሲነሰነስ ያቃጥለዋል። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ዘር በአመድ እንደምታሹ አላወቅሁም።»

«ሌላ ላኪልኝ።»

«በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ተዘግቷል። ቢከፈትም ፋብሪካው ወደናንተ መላክ አቁሟል፤ ናታንም ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። እኔ እጅ ላይ ምንም የለም።» ከዚያ ቀጠለች። «አንድ ነገር አለ። ከረጢት ከመምጣቱ በፊት ሰው ያደርገው የነበረ ነው። ባክቴሪያው ከያዘበት ማሳ አፈር ይውሰዱ፤ ከግብጦው ሥር። በመጪው ሰኔ መሬቱ ሲርስ ከዘሩ ጋር ፈር ውስጥ ይጨምሩት። ፀሐይ አያስነኩት። ይይዛል ብዬ አልምልም። መሬቱ በጣም ኮምጥጧል።»

«አመድስ?»

«አመድ በፍጹም!»

ስወርድ ባምላክን ቤቴ ደጃፍ አገኘሁት። ስንቁን ተሸክሟል፤ ዱላ ይዟል።

«የገደለው አመዱ ነው» አልኩት። «መሬቱ አይደለም። በመጪው ክረምት ይበቅላል። ዓመት ጠብቅ።»

«አያ፣ ዓመት እኮ ይበላል። በምን ልቀልበው?»

«ከኔ ጋር ትበላለህ።»

«እርስዎ የሚበሉትን አይቻለሁ» አለና ፈገግ አለ። አባቱም እንዲህ ነበር። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «እናቴን አደራ። ዋስ ይሁኑልኝ።»

እሺ አላልኩትም። ያለብኝን ሳልከፍል ሌላ ዋስ አልሆንም። ጠበቀኝ። ከዚያ ጉልበቴን ሳመ። ከጎረቤቶቻችን ከእነ ዓለምነው ልጆች ጋር ሆኖ ወረደ። ሸጋ እስከ ገደሉ ሸኘችው። አላለቀሰችም። ስትመለስ የግብጦውን ማሳ አላየችውም።

በጥር ከቆላ የመጣ ሰው ባምላክን ማሽላ ሲያጭድ አየሁት አለ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። የእነ ዓለምነው ልጆች በፋሲካ ተመለሱ። ባምላክ ከነሱ ጋር አልነበረም። ታሞ ሌላ እርሻ ላይ ቀርቷል አሉ። የትኛው እርሻ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አንዱ አንድ ስም ጠራ፤ ሌላው ሌላ።

ሰኔ ገባ። መሬቱ ራሰ። ወደ መሳፍንት ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ሞፈር ይጠርባል።

«አፈር ፈልጌ ነው» አልኩት።

መጥረቢያውን አስቀመጠ። «አፈር? ያውም በዚህ ዘመን? አንተ ሰው፣ ካለፈው አልተማርክም?»

«ለሸጋ ነው።»

«ለሸጋ እህል እሰጣለሁ። ቁና ሙሉ፣ አሁኑኑ። አፈር አልሰጥም።»

«መነሻው ከሷ ማሳ ነው። ሕይወት ስትናገር ሰምተሃል።»

«እኔ የተቀበልኩት ከመኪና ላይ ነው። አሁን ማሳዬ ውስጥ ነው። ለሷ ስሰጥ የኔ ቢደርቅስ? ልጆች አሉኝ።» ከዚያ በጎን አየኝ። «ዋስህስ ማነው? ለአንተ ዋስ የሚሆን በዚህ አገር አለ?»

«የለም» አልኩት። «ዋስ አልጠራሁም። ምትኩን ይዤ ነው የመጣሁት።»

አህያዬን ከአጥሩ ጀርባ አስሬያት ነበር። አመጣኋት። ጆንያዎቹን ፈታሁ። መሳፍንት እጁን አስገባ። አፈሩን አነሣ፣ አሸው፣ አሸተተው። ጥቁር ነው፤ ይፈረፈራል። አባቴና አያቴ የከብት እበት ሲደፉበት የኖሩት ነው።

«ይህ የጓሮህ ነው።»

«የጓሮዬ ነው።»

«ሙሉውን ነው የቆፈርከው?»

«እስከ ቀዩ አፈር ድረስ።»

«አንተስ? ጎመንህን ምን ላይ ልትዘራ ነው?»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ። ጎመን ለምኜ እበላለሁ።»

መሳፍንት ሌላ ቀልድ አልተናገረም። ዶማውን አነሣና አምና ግብጦ ከቆመበት ቦታ፣ ሥሩ ካለበት፣ ራሱ ቆፈረልኝ። እንቅብ ሰጠሁት፤ እንቅብ ሰጠኝ። የኔ አፈር ከሱ አፈር አጠገብ ተቆለለ። የሱ ቀላ ያለ ነው፤ ደረቅ ሥር በብዛት አለበት። ጆንያውን አርጥበን ሸፈንነው። ሲጭንልኝ «ከጎደለ ተመልሰህ ና» አለኝ። አልጎደለም።

ደመና ነበር። በሬዎቼን አስቀድሜ በሸጋ ማሳ ላይ ጠምጃቸው ነበር፤ በዚያ ቤት እርፍ የሚይዝ ወንድ የለም። ሸጋ ዘሩን በእንቅብ ይዛ መጣች። በሌላ እጇ የአመድ ቅል ይዛለች። እጇ ልማዱን ነው ያደረገው። ቅሉን አየችው። እኔንም አየችኝ። ወሰደችና ድንበሩ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።

አህያዋን አራገፍኩ። ሸጋ ጆንያው ፊት ተንበረከከች።

«የሱ ነው?» አለችኝ።

«የሱ ልጅ ነው በይው። ከዚህ ሄደ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆየ፤ ፋብሪካ ገባ፤ መሳፍንት ማሳ ላይ ከረመ። ይይዛል አይይዝም አላውቅም። ልጅቱም አልማለችም።»

ሸጋ አንድ እፍኝ ወሰደች። ውስጡ አንድ ደረቅ ሥር ነበር፤ እባጮቹ አብረውት ደርቀዋል። በጣቷ ነካካቻቸው።

«ባምላክ ይህን አላየም» አለች።

 በሬዎቹን ነዳሁ።

እኔ ፈር አወጣለሁ፤ እሷ ከኋላዬ ዘሩን ትጥላለች፤ አፈሩን በእፍኟ ታለብሰዋለች። ስመለስ እያየሁ ነበር። አንድም ፈር አላለፋትም። ካፊያ ጀመረ። አልቆምንም። ጆንያው ባዶ ሲሆን አገላብጣ አራገፈችው፤ ስፌቱ ውስጥ የቀረውን ሳይቀር በጥፍሯ አወጣችና የመጨረሻው ፈር ላይ በተነችው።

ከዚያ ቀና ብላ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች። ሰው ሸንጎ ፊት እንደሚቆም ነው የቆመችው።

«አያ ቢያድግልኝ።»

«አቤት።»

«የምናገረው በአድማሴ ቦታ ሆኜ ነው። አፈሩ ገብቷል። ከዋስነትዎ ወርደዋል።»

«አሜን» አልኩ።

በሬዎቼን ፈታሁ።